ስምንት እስኪባል

አንድ ቦክሰኛ ነበረ፣ የሻረግ ልጄ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። የስፌት ቤትሽ ከተቃጠለ ገና ሳምንት አልሞላውም፤ እጅሽ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ «ነገ በተውሶ የስፌት መኪና ሥራ ልጀምር ወይስ ሰው እንዳለው ወድቄ ልቅር?» ነው ያልሽኝ። እኔም ዛሬ ወገቤ አስቸግሮኛል፤ አላስረዝምም።

ይህ ሰው ዕድሜው ገፍቶ ነበር። አፍንጫው ሃያ ዓመት ሙሉ ከመመታቱ ብዛት ከጉንጩ ጋር ተስማምቶ ጋደም ብሏል። ድካሙም የዋዛ አልነበረም፤ ሲያዛጋ የጎረቤት በር ይከፈት ነበር። አራት ግጥሚያ በተከታታይ በዝረራ ስለተሸነፈ የክለቡ አለቃ ጠርቶ፣ «ዛሬም ከተዘረርክ ጓንትህን አስረክበህ ትሄዳለህ» አለው። ሌላ ሙያ ደግሞ አልነበረውም።

የዚያን ጊዜ ደንብ እንዲህ ነው። ቦክሰኛ ሲወድቅ ዳኛው ይቆጥራል። ዐሥር እስኪባል ካልተነሣ ተዘረረ፣ አበቃ። ከዚያ በፊት በፈለገው ጊዜ ከተነሣ ግን ግጥሚያው ይቀጥላል፤ ጉልበቱ መሬት ላይ እስካለ ድረስም አይመታም። የኛ ሰው ታዲያ በወደቀ ቁጥር ገና «ሁለት» ሲባል እንደ ፌንጣ ዘሎ ይነሣል። ለምን? «ተንበረከከ» እንዳይባል። በእኛ አገር መንበርከክ እጅ መስጠት ነዋ! ዐይኑ ሳይጠራ ይነሣና ሌላ ቡጢ ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ ቢቆጠርም አይሰማም።

በዚያ ቀን የገጠመው ጎረምሳ ከትከሻው ስፋት የተነሣ በር የሚገባው በጎኑ ነበር። በሁለተኛው ዙር ቀኙን ቢሰነዝር፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጥርሳቸውን ዳሰሱ። የኛ ሰው ወደቀ። እንደ ምንም ብሎ በአንድ ጉልበቱ ቆመ። ሊዘል አሰበ፤ አልቻለም። ብልሃት መጥቶለት እንዳይመስልሽ፤ ደክሞት ነው።

«ተንበረከከ!» አለ አዳራሹ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቤተ ስኪያን መሰለህ እንዴ?»

«ኧረ ትራስ አቀብሉት!»

ዳኛው «ሦስት» አለ። ሰውየው ደነገጠ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከሁለት ቀጥሎ ሦስት እንዳለ ሰምቶ አያውቅም። «አራት።» ትንፋሹ ተመለሰ። «አምስት።» ሁለት ሆኖ ይታየው የነበረው ዳኛ አንድ ሆነ። የሚቆጠርበት መስሎት ኖሮ፣ ለካ ሲቆጠርለት ነበር! ጎረምሳው ያሸነፈ መስሎት ለዘመዶቹ እስክስታ ይመታል፤ ያለ የሌለ ትንፋሹን እዚያ ጨረሰው። «ስምንት» ሲባል ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለወሬ አይመችም። አንበሳ አልሆነም። በግራው እየነካ፣ እየሸሸ፣ እንደገና እየነካ የመጨረሻው ደወል እስኪደወል ቆየ። ነጥብ ሲደመር በአንድ ነጥብ በለጠ። እጁን ዳኛው አነሣለት እንጂ፣ እሱ ለማንሣት አቅም አልነበረውም። ጓንቱ ግን እጁ ላይ ቀረ።

እንግዲህ የሻረግ ልጄ፣ ቦክሰኛው አንቺ ነሽ። እሳቱ መትቶ ጥሎሻል፤ ወድቀሻል፣ ምን ይደበቃል? አዳራሹ ጎረቤትሽ ነው፤ «አበቃላት» ይላል። በዚህ እጅሽ ነገ መርፌ ብትይዢ፣ የሰው አፍ ላስዘጋ ስትዪ የምትኖሪበትን እጅ ታጫለሽ። ልቅርም አትበይ፤ ዐሥር አልተባለም። ቁስሉ እስኪደርቅ ተንበርከኪ። ሰው ምን ይላል ካልሽኝ፣ «ተንበረከከች» ይላል፤ ውሸትም አይደል።

አሁን ደግሞ «ስንት ላይ ደርሻለሁ?» ብለሽ ታዪኛለሽ። ገና ሦስት ነው። ሂጂና ተኚ።