አልዘፍንም ያለው ፔዳል

ላሟ ለግጦሽ ወጥታለች፣ በረቱም ባዶ ነው፤ ግቡና ተቀመጡ፣ የዛሬው ተረት የጊታር ነው።

ትርንጎ ጊታር ትጫወት ነበር። አባቷ አቶ ገብረየስ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። አንድ ቀን ስትጫወትላቸው፣ «ልጄ፣ ድምፁ እኔ ጋ ሳይደርስ ይሞታል» አሏት። ድምፅ የሚያስረዝም ፔዳል፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሣጥን፣ ቤቷ ተቀምጣ በገዛ እጇ ሠራች። የፈለገችው አባቷ ጋ የሚደርስ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ነበር።

ብትረግጠው ግን ፔዳሉ ግቢውን በጩኸት አናውጦ ዝም አለ። ዝፈን ብትለው፣ «ሊዱ ሁለት እግሮቼን አጣብቆ ይዞኝ እንዴት ልዝፈን?» አላት። እውነቱን ነው። ስትበይድ ቸኩላ፣ ሽቦ የሚያጣብቀው የቀለጠ ሊድ ከአንዱ የሽቦ እግር ወደ ሌላው ፈሶባታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ሊዱን ልቀቀው አለችው፤ የመበየጃው ብረት፣ ካውያው፣ ካላቀለጠኝ አለ። ካውያውን አቅልጠው አለችው፤ ጫፌ ጠቁሯል፣ ስፖንጁ ካልጠረገኝ አለ። ካውያው አላቀልጥም፣ ሊዱ አልለቅም፣ ፔዳሉ አልዘፍንም።

ስፖንጁን ጥረገው አለችው፤ ደርቄያለሁ፣ ውሃ ካልጠጣሁ አለ። ቧንቧው ደግሞ ውሃ ካየ ሰንብቷል። ምራቋን አትተፋበትም ወይ ትሉ ይሆናል፤ አፏ ከስፖንጁ ብሶ ደርቋል። ስፖንጁ አልጠርግም፣ ካውያው አላቀልጥም፣ ሊዱ አልለቅም፣ ፔዳሉ አልዘፍንም።

ጎረቤቷ እትዬ አልጣሽ አንድ ሙሉ ጀሪካን ነበራቸው። ትንሽ ውሃ ብትለምናቸው ፊታቸውን አዞሩ። «በጩኸትሽ ደንግጣ ዶሮዬ እንቁላሏን ጥላ ሄደች። እሷ ተመልሳ ካልታቀፈች ጠብታ የለም» አሏት። እትዬ አልጣሽ አልሰጥም፣ ስፖንጁ አልጠርግም፣ ካውያው አላቀልጥም፣ ሊዱ አልለቅም፣ ፔዳሉ አልዘፍንም።

ዶሮዋ ዘይቱን ዛፍ ሥር ተሸጉጣለች። ትርንጎ ብትለምናት፣ የማምነው ድምፅ ካልጠራኝ አልመለስም አለች። ፀሐይ ግቢው ላይ አንቀላፍታለች፤ እንቁላሎቹ እየቀዘቀዙ ነው። ዶሮዋ አልታቀፍም፣ እትዬ አልጣሽ አልሰጥም፣ ስፖንጁ አልጠርግም፣ ካውያው አላቀልጥም፣ ሊዱ አልለቅም፣ ፔዳሉ አልዘፍንም። ትርንጎ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አባቷ ከአልጋቸው ራስጌ ባለው መስኮት አዩዋት። ምን ሆነሻል ብለው በእጃቸው ጠሯት፤ ጆሯቸው ሥር ሆና ነገረቻቸው። ሳቁ። ለካ ያቺ ዶሮ በየቀኑ መስኮታቸው ሥር የዳቦ ፍርፋሪ የሚጥሉላት ወዳጃቸው ናት። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «ነይ የኔ እመቤት፣ ነይ» አሉ በለሆሳስ። የገዛ ድምፃቸውን እሳቸው አልሰሙትም። ዶሮዋ ግን ሰማች።

ዶሮዋ ታቀፈች፣ እትዬ አልጣሽ ውሃ ሰጡ፣ ስፖንጁ ጠጣ፣ ካውያውን ጠረገ፣ ካውያው ሊዱን አቅልጦ በጫፉ አነሳ፣ ሊዱ ፔዳሉን ለቀቀ።

ትርንጎ ፔዳሉን ረግጣ አንዱን ክር መታችና ጣቷን አነሳች። ድምፁ አልሞተም። እንደ ጉም ቀስ እያለ ቤቱን ሞላ፣ አልጋውን ዞረ፣ ትራሱ ላይ ወጣ። ትርንጎ አባቷን እያየች ጠበቀች። አቶ ገብረየስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደረሰ» አሉ።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ዳቦ አልጠይቃችሁም። ድምፁ እስኪያልቅ ግን አትነሱ።