የገዛኸኝ ምሳ ዕቃ

ሰው ሲዋሽ በተሰማ ቁጥር፣ አዳማ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሰፈር አንዲት አባባል ይወረውራል። አባባሏ የጥንት ናት፤ እዚያ ሰፈር ግን ከአንድ ምሳ ዕቃ ጋር ተያይዛ ቀርታለች።

መምህርት ወይንሸት ሁልጊዜ ማለዳ ተነስታ የባሏን ምሳ ትቋጥር ነበር። ገዛኸኝ የሳሙና ፋብሪካ መካኒክ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ዕቃውን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ እሷም ተከትላ ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች።

ሚያዝያ ላይ «እንጀራውን ቀንሺልኝ» አላት። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ዳቦ ብቻ ይበቃኛል» አለ።

«ምነው፣ ፋብሪካው ማብላት ጀመረ እንዴ?» ብላ ቀለደችበት።

«ሆዴን እየከበደኝ ነው።»

ግንቦት ሲገባ «አንቺ ይረፍድብሻል፣ እኔው እቋጥራለሁ» አለ። ወይንሸት አሰበልኝ ብላ ደስ አላት።

የተከራዩት ቤት የጋሽ ቱሉ ነበር። መጋቢት መግቢያ ላይ ሽማግሌው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ቤቱን ለመሸጥ ሲነሱ፣ «ዘጠኝ ዓመት እንደ ራሳችሁ ቤት ስትቀቡት ኖራችኋል፤ ለእናንተ ቅድሚያ እሰጣለሁ። ግን እስከ ሐምሌ ብቻ ነው፣ ሌላ ገዢ አለኝ» አሏቸው። ባልና ሚስት በሁለቱ ደመወዝ ከባንክ ሊበደሩ አመለከቱ። ገዛኸኝ «የእኔ ደመወዝ ለቤቱ ይጠራቀም» ስላለ፣ ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው በእሷ ደመወዝ ብቻ ነበር። ወይንሸት መጋረጃውን ሳይቀር በሐሳቧ ቀየረች።

ሰኔ ሃያ ቀን ባልና ሚስቱ ከጋሽ ቱሉ ጋር ባንክ ተገኙ። ገዛኸኝ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ከዚህ በቀጥታ ወደ ሥራ ነኝ» አለ። የብድር ሠራተኛዋ የሥራ ማስረጃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። መጋቢት የሚለው ተፍቆ በላዩ ሰኔ ተጽፎበታል። ወደ ፋብሪካው ደወለች። ስልኩን ስታስቀምጥ ያየችው ወይንሸትን ነው።

«ከሥራ ከተቀነሱ ሦስት ወር አልፏቸዋል ነው የሚሉት።»



«እውነቱን ብትነግሩን ኖሮ፣ የእኔ እህት፣ በእርስዎ ደመወዝ ብቻ የመክፈያ ዓመቱን አርዝመን እናየው ነበር» አለች ሠራተኛዋ። «በተፋቀ ደብዳቤ ግን ፋይሉ ይዘጋል።»

«ሦስት ወር ሙሉ የት ነበር የምትውለው?» አለች ወይንሸት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መናኸሪያው ጋ፣ ዛፍ ሥር። የቤቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ብዬ ነው፣ ወይንሸት። የመጀመሪያው ቀን ውሸቱ ከብዶኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት።»

ተነስቶ ወጣ። እሷም አልተከተለችውም። ማታ ይመጣል ብላ ነበር።

ጋሽ ቱሉ የተረሳውን ምሳ ዕቃ ሊሰጧት አነሱት። እጃቸው ላይ ቀለላቸውና ክዳኑን ከፈቱ። ፍርፋሪ እንኳ የለበትም። እሷ በላቧ ያመጣችውን ይዞ ወጥቶ ዛፍ ሥር መብላት አቅቶት፣ ባዶውን ሲያመላልስ ከርሟል።

ቤቱ ሐምሌ ላይ ለሌላው ገዢ ተሸጠ። ምሳ ዕቃው ዛሬ ወይንሸት በተከራየችው ጠባብ ክፍል፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ገዛኸኝ ከባንኩ እንደወጣ አልተመለሰም።

ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚደግመው፣ ጋሽ ቱሉ ያን ዕለት ክዳኑን ቀስ ብለው እየገጠሙ ለወይንሸት ያሏትን ነው፦ «አይ ልጄ፣ ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል።»