ስልክ የማያነሳው አባት

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ደብረ ብርሃን ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። ሚስቱ በወጣትነቷ ስለሞተችበት አንዲት ልጁን ስመኝን በመዶሻና በመሮ ሠርቶ ብቻውን አሳደጋት፤ አስተምሮም ለቁም ነገር አበቃት። ስመኝ አዳማ ሄዳ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነች።

ስመኝ ፊቱን እያየች ልታወራው ፈልጋ ለአባቷ ትልቅ ስማርት ስልክ ገዛችለት። አነሳሱን ራሷ እየነካካች አሳየችውና አሮጌዋን ባለቁልፍ ስልኩን «ከእንግዲህ ምን ትሠራልሃለች?» ብላ ለሰው ሰጠችበት። ሐሳቧ መልካም ነበር። መከራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ትደውላለች፤ አይነሳም። ደግማ ትደውላለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። ሲመራት ለጎረቤቱ ደውላ ታስጠራዋለች።

«አባዬ፣ ምነው ስልክ አታነሳም?»

«እያነሳሁት ነው ልጄ። እሱ እምቢ አለኝ እንጂ።»

«ስልክ እንዴት እምቢ ይላል? አረንጓዴዋን ነክተህ ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ገፋኋት እኮ።»

«ብትገፋት ኖሮ ይነሳ ነበር።»

ይበልጥ የሚያናድዳት እሁድ እሁድ ማንሳቱ ነው። እሁድ ስትደውል አንዳንዴ በመጀመሪያው ጥሪ «ሃሎ» ይላታል። ሰኞ ያው ነው፤ ጠርቶ ይዘጋል። ስለዚህ አባቷ ሲፈልግ የሚያውቅ፣ ሳይፈልግ የማያውቅ ሰው ነው ብላ ደመደመች። ለሥራ ባልደረቦቿም «ግትር ነው፤ መማር አይፈልግም» ትላቸዋለች። እነሱም የየራሳቸውን እናትና አባት እያነሱ አብረዋት ይስቃሉ።

ዘርጋው ግን አይስቅም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል። ጣቱን ያሳልፍበታል፣ ይጫነዋል፣ ይቆረቁረዋል፤ መስታወቱ ንቅንቅ አይልም። በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌዎች እንኳ እንዲህ ያለውን ስልክ እንደ ልባቸው ሲነካኩ ሲያይ፣ የእሱ ጭንቅላት የደነዘዘ መሰለው። ይህን ለማንም መናገር አፈረ።

ከዚያ ጅማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሙ አበጋዝ በጠና ታመመ። ለቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት የወንድሙን ድምፅ ሊሰማ ደወለ። ዘርጋው ብቻውን ድንጋይ እየጠረበ ነበር። የወንድሙ ፎቶ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል መዶሻውን ጥሎ አረንጓዴዋን በጣቱ ገፋ። አልተነሳም። እንደገና ገፋ፤ ጥሪው ተቋረጠ። መልሶ ልደውል ቢልም አልሆነለትም። ስልኩን ይዞ ወደ መንገድ ሮጠና አንድ መንገደኛ አስቁሞ አስደወለ። ያነሳችው የአበጋዝ ሚስት ነበረች።

«አሁን አስገቡት» አለችው። «ሲጠብቅህ ነበር።»

አበጋዝ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሕይወት አልወጣም።

ዘርጋው ወንድሙን ቀብሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ስመኝ ልታጽናናው መጣች። ሐዘኑም ንዴቱም ተደራርቦባት ዝም ማለት አልቻለችም።

«አጎቴ ሊሰናበትህ ሲደውል እንኳ አንድ ስልክ ማንሳት ያቅትህ?»

በዚህ መሀል አንድ ዘመድ ሊያጽናናው ደወለ።

«ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» አላት አባቷ። «ዛሬ ስታዪኝ ላንሳው።»

ስመኝ ተቀምጣ አየች። ጣቱ ያረፈው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ወደ ላይ የገፋውም በትክክል ነው። ስልኩ አልሰማውም። ደገመ፤ አልሰማውም። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ጥሪው ተቋረጠ።

ስመኝ ያን ጊዜ እጁን ያዘች። የጣቶቹን ጫፍ ድንጋዩ በልቶት፣ ቆዳው እንደ ቀንድ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃ አምጥታ ጣቱን አራሰችው፤ ቅባት ቀባችውና ከራሷ ስልክ ደወለችለት። አንድ ጊዜ ገፋው፤ ተነሳ። እሁድ እሁድ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ትዝ ያላት አሁን ነው።

«ጣትህ ደርቆ ነው አባዬ» አለችው። «ይህ ስልክ የደረቀ ጣት አይሰማም።»

ዘርጋው እጁን አገላብጦ አየው።

«እኔ እኮ የጃጀሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ ስትቆጪኝ፣ ምነው አንድ ቀን መጥተሽ እጄን ባየሽልኝ?» አላት።

ስመኝ በማግስቱ ገበያ ወጥታ ባለቁልፍ ስልክ ገዛችለት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ወዲያው ያነሳል። የወንድሙ ጥሪ ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ይህንንም ሁለቱም ያውቁታል፣ አያወሩትም።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን አልቻልኩም የሚለንን ሰው አልፈልግም እንዳለን አድርገን እንሰማዋለን። «ነገርኩህ እኮ»፣ «አሳየሁህ እኮ» እያልን ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። እኛ በቀላሉ የምንሠራው ነገር ለሌላውም ቀላል ይመስለናል፤ ያ ሰው ግን ያቃተው እኛን ባሳደገበት እጅ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከመቆጣት በፊት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲሞክር ማየት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

እናንተስ በስልክ ደጋግማችሁ የምትቆጡት ማንን ነው? ሲሞክር አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጣችሁ አይታችሁታል?