የጥጃ መስክ ባዶ ቅል

ከወንዙ ማዶ ያለው መስክ ጥጃ መስክ የተባለው መሀሉ ላይ በቆመው የነሐስ ጥጃ የተነሳ ነው። ካፍንጫው እጥፋት እስከ አንገቱ ጅማት ምንም የጎደለው ነገር የለም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ባጠገቡ ሳልፍ ዞር በል ልለው ይቃጣኛል። የሠራው በዴንማርክ አገር የነበረ ቀራፂ ነው ይባላል፤ ክረምቱን በሙሉ ጋጣ ውስጥ ተቀምጦ ጥጃ እያየ ቀረፀው ይላሉ። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ አውቃለሁ የሚላችሁም ይዋሻል።

እንደሚነገረው ጥጃው ለአንድ መስፍን የተላከ ስጦታ ነበር፤ የተሸካሚዎቹ አለቃ ባሻ ደምለው ሰዎቹ ሲደክሙበት መስኩ ላይ አስወረደው። በዚያ ሰሞን አንጓች የምትባል ሴት ጡቷ ደርቆ ጨቅላ ልጇን በላም ወተት ታኖረው ነበር። ጥጃ ሲሞት ላሚቱ ወተት እንዳትከለክል ቆዳውን ገለባ ሞልቶ ፊቷ ማቆም ያገሩ ደንብ ነው፤ የአንጓችን ጥጃ ግን ጅብ ጠራርጎ ስለበላው የሚሞላ ቆዳ አልተረፈም፤ ላሚቱም ወተቷን ያዘች። ሕፃኑ ሁለት ቀን በውሃ ብቻ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ላሚቱ መስክ ወጥታ ነሐሱን አየች፤ አሸተተችው፣ ትልሰው ጀመር፤ አንጓችም ሮጣ ከሥሯ ተቀመጠችና አለበች።

ባሻ ደምለው ነገ እንነሳለን እያለ አምስት ቀን ቆየላት። ሕፃኑ ግን አልበረታም፤ በስድስተኛው ቀን ሞተ። አንጓች አላለቀሰችም። በማግስቱ ጠዋት መስኩ ላይ ስታልብ ተገኘች፤ ቅሉ ሞልቶ መሬት ሲፈስ አታይም።

«ለማን ነው የምታልቢው፣ እህቴ?» አላት ባሻው።

«እኔ እንጃ። ላሚቱ ሰጠች፣ አለብኩ።»

ሰው ምግብ ይዞ መጣ፤ አልቀመሰችም። አጽናናት፤ አልሰማችም። ጎረቤቷ ማሬ ብቻ ባዶ ቅል ዘርግታ፣ «ለልጄ ስጪኝ፣ ርቦታል» አለቻት። ሰው ሁሉ በማሬ አፈረ። አንጓች ግን ቀና ብላ አየቻትና ቀዳችላት። ማሬ በየቀኑ እየመጣች ለመነቻት፤ በሦስተኛው ቀን አንጓች እየቀዳች አለቀሰች ይባላል። ባሻውም ጥጃውን ለላሚቱ ትቶ፣ ጎርፍ ወሰደው ብሎ ለጌታው ሊዋሽ ባዶ እጁን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ልጅ የሞተባት እናት ቤት የሚኬደው ባዶ ዕቃ ተይዞ ነው፤ ላም ከሌላት ውሃ ይለምኗታል። እኔ በጋብቻ የመጣሁ ነኝና መጀመሪያ ሳይ ጭካኔ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። የኔዋ ልጅ በሞተች በማግስቱ የጎረቤቴ እጅ ባዶ ጣሳ ይዞ ፊቴ ተዘረጋ። ተነስቼ ቀዳሁላት።