ረቂቁ በእኛ ቀበሌ የጸደቀ ዕለት

ሕገ መንግሥት የሚጻፈው የማንን እጅ ለመያዝ ይመስላችኋል? በሰው አገር ተቀምጬ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ የገዢውን ነው ይላሉ። ባለሥልጣን ያሻውን እንዳያደርግ፣ የተደረገበትም ሰው «ይህ አይቻልም» ብሎ የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው። ያማረ ሐሳብ ነው። እኔ ግን ከመጻሕፍቱ በፊት በቀበሌያችን አዳራሽ ተምሬዋለሁ።

አንድ ቀን፣ በደርግ ዘመን፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት ወረደ ተባለና ቀበሌው በሙሉ እሑድ ጠዋት አዳራሽ ተጠራ። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ ማንም አልቀረም። የቀረችው እናቴ ወይዘሮ የውብዳር ብቻ ናት። እሷም ንጋት ላይ አርፋ ነው፤ እኔም አስከሬኗን ልጠብቅ ቀረሁ።

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ። ሰዓቱ ሲደርስ ድንኳን አልተተከለም፤ አስከሬኑን የሚሸከም ወንድ በሰፈሩ የለም። የእድራችን ሰው ሁሉ አዳራሽ ነው። ቄሶቹ «ከመሸ ለነገ ይደር» አሉ። የእኛ ከተማ ደግሞ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ አስከሬን አያሳድርም። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ልጠራቸው ሮጥኩ። ጠባቂው ዳምጤ በሩን ከፍቶ አስገባኝና ከኋላዬ ቆለፈው።

«ዳምጤ፣ ሰው ልጠራ ነው እኮ የመጣሁት።»

«አውቃለሁ እቴቴ፣ ነፍስ ይማር። መግባት ይቻላል። መውጣት ረቂቁ ሲጸድቅ ነው።»

መድረኩ ላይ ከአውራጃ የተላከው ካድሬ ጓድ ሽታሁን ቆሟል። ካኪው ተተኩሶ ጥርት ያለ፣ ማስረዳት የሚወድ ወጣት ነበር።

«ሕገ መንግሥት ማለት ቤት ነው» ይላል። «መቅድሙ መሠረቱ ነው፤ ቤቱ ለምን እንደተሠራ ይነግረናል። ምዕራፎቹ ግድግዳዎቹ ናቸው፤ አንዱ የዜጎችን መብትና ግዴታ ይይዛል፣ ሌላው የመንግሥት አካላትን ሥልጣን ይለያል። ጣሪያው የሕግ የበላይነት ነው፤ ትልቁም ትንሹም ከሥሩ ይጠለላል። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ማንም ባለሥልጣን ተነስቶ ዜጋን እንዳያንገላታ ነው።»

አንድ አንቀጽ ሲነበብ ይጨበጨባል። ጭብጨባው ከቀዘቀዘ አንቀጹ እንደገና ይነበባል። ይህን ያዩ የእድራችን ሰዎች ቶሎ አልቆ ለቀብሩ እንዲደርሱ እጃቸው እስኪግል ያጨበጭባሉ። እነሱ በኃይል ባጨበጨቡ ቁጥር ደግሞ ጓድ ሽታሁን ሕዝቡ ተመስጧል ይልና ማብራሪያውን ያስረዝማል።

ከእድሩ ዳኛ ከአቶ ዘውገ አጠገብ ተቀመጥኩ። አቶ ዘውገ ድሮ የሰው ጉዳይ ይዘው ፍርድ ቤት የሚቆሙ ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ ዳኞች ገና ከበር ሲያዩዋቸው ራስ ምታት ይጀምራቸዋል ይባል ነበር።

«ልጄ፣ ሰዓቱ ደረሰ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አልፏል አባባ። ቄሶቹ ሊሄዱ ነው።»

እጃቸውን አወጡ። «ጓድ፣ ጥያቄ አለኝ።»

«ይጠይቁ አባት። መጠየቅ መብትዎ ነው።»

«አሁን ነው መብቴ፣ ወይስ ሲጸድቅ?»

«አሁንም ነው» አለ ጓድ ሽታሁን ፈገግ ብሎ።

«እንግዲያው ቀብር አለብን። ወጥተን እንቅበርና እንመለስ።»

«አባት፣ ሐዘኑ የሁላችንም ነው። ቢሆንም ዛሬ ታሪካዊ ቀን ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይቸኩልም።»

አቶ ዘውገ እንደተስማማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመጡ ጎንበስ ካሉ በኋላ መልሰው ቀና አሉ።

«እሺ፣ ስለ ረቂቁ ልጠይቅ። ዜጋ ወደፈለገው ቦታ መንቀሳቀስ ይችላል የሚል አንብበውልናል።»

«በግልጽ ሰፍሯል።»

«እኛም አጨብጭበናል።»

«ያውም ሞቅ አድርጋችሁ።»

«መልካም። ቤት ነው ብለውናል። መሠረቱን አሳዩን፤ ጥልቅ ነው። ግድግዳውን አሳዩን፤ ወፍራም ነው። ጣሪያውንም አየን፤ ከላያችን ነው። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስኖር በር የሌለው ቤት አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም ዛሬ ለወይዘሮ የውብዳር የተቆፈረው ነው። እሷ እንኳ ገና አልገባችበትም፤ እኛን ቀድመው አስገቡን። የእርስዎ ቤት በሩ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?»

ከኋላ አንዲት ባልቴት በነጠላዋ አፏን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ አጠገቧ ያሉት፣ ከዚያ ሁሉም። ጓድ ሽታሁን ረቂቁን ወደፊትም ወደኋላም ገለበጠው፤ በሩ እውነት ከመሃል ይገኝ ይመስል። ዳምጤ ትእዛዝ ቢጠብቅ ቢጠብቅ «ክፈት» የሚል አልመጣም፤ «አትክፈት» የሚልም አልመጣም። ከፈተው።

እናቴን ጀምበር ሳትጠልቅ ቀበርናት።

ማታ ረቂቁ በቀበሌያችን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተብሎ ለአውራጃው ሪፖርት ተደረገ። ሰኞ አቶ ዘውገን ወሰዷቸው። በሚቀጥለው እሑድ እዚያው አዳራሽ «አድኃሪ» ተብለው ሲወገዙ፣ በቀልዳቸው ከት ብሎ የሳቀው ያው ሕዝብ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው አልቀዘቀዘምና ውግዘቱን መድገም አላስፈለገም። አቶ ዘውገ ሲፈቱ ቀልድ ትተው ነበር። ሰላምታም ቢሆን የሚመልሱት ግራ ቀኝ አይተው ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ጓድ ሽታሁን እኔ ያለሁበት አገር መጣ። ስለ ሕገ መንግሥት ዓላማና አወቃቀር ንግግር ያደርጋል አሉኝ፤ ቤት ነው የሚለውን ምሳሌ እስካሁን አልተወውም። የእኔን እዚህ መኖር ሲሰማ ሽማግሌ ላከብኝ።

«ልጅ ነበርኩ፣ የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት ብሏል» አሉኝ ሽማግሌዎቹ። «ደግሞም እህታችን፣ ቀብሩ እኮ ደርሷል።»

«አቶ ዘውገስ?» አልኳቸው።

ከመካከላቸው አንዱ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ አቶ ዘውገ የተወገዙ እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ።

«ሽታሁንን ይቅር አልልም» አልኩት። «አንተንም። እሱን ያዘዙትንም፣ አብረውህ ያጨበጨቡትንም። ማንንም ይቅር አልልም።»