አንበሳው በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ

አንድ ጊዜ፣ አራዊትና የቤት እንስሳት በአንድ አጥር ውስጥ ለመኖር በተስማሙበት ሸለቆ፣ ሥራ ያጣች አንዲት አህያ ነበረች። ያጣችው በስንፍና አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሞሌ ጨው ስትሸከም ኖራለች። በኋላ ግመል ከቆላ መጣና የእሷን የአራት ቀን ጭነት በአንድ ጉዞ ተሸክሞት ሄደ።

የሸለቆው ገዥ የአንበሳ ሕግ አጭር ነበር፦ ሥራ ያለው አጥር ውስጥ ያድራል፤ ሥራ የሌለው ሚያዝያ ሲገባ ይወጣል። ከአጥሩ ውጭ ነብር አለ። አህያዋ ደግሞ ከጭነት ብዛት የኋላ ግራ እግሯ ያነክሳል። ሮጣ እንደማታመልጥ እሷም ታውቃለች፣ ነብሩም ያውቃል። ሚያዝያ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል።

ስለዚህ ወደ ቀበሮ ሄደች። ቀበሮ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ በአሠሪዎች ዘንድ የትኛው ሙያ እንደሚፈለግ ትናገራለች፤ የተናገረችውንም ሙያ እዚያው ታስተምራለች።

«እመት ቀበሮ፣ ዘንድሮ የሚፈለገው ምን ዓይነት ባለሙያ ነው?»

«አዋጅ ነጋሪ» አለች ቀበሮ ዐይኗን ሳትገልጥ። «አምና አንበሳ ስድስት አዋጅ ነጋሪ ቀጠረ። ስድስቱም ዛሬ ወፍረዋል። አንቺን ደግሞ ፈጣሪ ድምፅ አልነሳሽም።»

«ዘንድሮስ ስንት ይቀጥራል?»

«የኔ እህት፣ አምና ስድስት የቀጠረ ዘንድሮ ስንት እንደሚቀጥር አንቺው ገምቺ።»

ከአህያዋ ኋላ ተራ ይዞ የነበረው ጅብ ገመተና ምራቁን ዋጠ። «እኔን ሁለት ጊዜ መዝግቢኝ» አለ።

«ለምን ሁለት ጊዜ፣ አያ ጅቦ?»

«ሁለት ቦታ እንድቀጠር ነዋ። አንድ ሆድ ብቻ ያለኝ መሰለሽ?»

ቀበሮ ያለ ክርክር መዘገበችው። ከጅቡ ሁለት ቅልጥም፣ ከአህያዋ ደግሞ ለዋሻዋ ምንጣፍ የሚሆን የአርባ ቀን የሣር ሸክም ተቀበለች።

አርባ ቀን ሙሉ ሸለቆው በጩኸት ተናወጠ። ፍየሉም፣ ዝንጀሮውም፣ ቆቋም፣ አጋዘኑም «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ» ሲሉ ውለው «ስማ» ሲሉ ያመሻሉ። የሚሰማ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ነጋሪ ሆኗልና።

የቅጥር ቀን ደረሰ። አርባ ሦስት አዋጅ ነጋሪዎች በአንበሳው ደጅ ተሰለፉ። አንበሳው ዘግይቶ፣ እየተጎተተ ብቅ አለ።

«ምንድን ናችሁ?»

«አዋጅ ነጋሪዎች ነን፣ ጌታችን» አሉ በአንድ ድምፅ። በአካባቢው የነበሩ ወፎች ሁሉ ብር ብለው ተነሡ።

«አርባ ሦስት አዋጅ ነጋሪ» አለ አንበሳው። «ደግ። የምትነግሩት ለማን ነው? ሰሚው ሁሉ እኮ ፊቴ ቆሟል።»

ጅቡ ብቻ ተስፋ አልቆረጠም። «እኔ ሁለት ጊዜ ስለተመዘገብኩ፣ አንደኛው እኔ ለሌላኛው እነግራለሁ» አለ። አንበሳው ሁሉንም «ሂዱ» ብሎ አሰናበታቸው።

ሌሎቹ ቀበሮን እየረገሙ ሲበተኑ አህያዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የአንበሳውን እጆች ታይ ነበር። እስከ ክርኑ ድረስ ጭቃ ደርቆባቸዋል፤ አንድ ጥፍሩም ተሰብሯል።

«ጌታዬ፣ ምን ሲሠሩ ቆይተው ነው?»

አንበሳው እጆቹን ወደ ኋላ ደበቅ አደረገ። «የውኃ ጉድጓዱ ተደርምሷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠዋት ጠዋት እቆፍራለሁ፤ ሲመሽ ተመልሶ ይናዳል። ሥራውን የሚያውቅ አጣሁ። ብቻ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ጌታ ጭቃ ሲዝቅ ታየ መባል አልፈልግም።»

የሚያውቅ እንደነበረ አህያዋ ታውቃለች። ሽማግሌ ጃርት ነበር። ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ዙሪያውን በድንጋይ የካበው፣ በየሳምንቱ ደለሉን የሚያወጣው እሱ ነበር። ነገር ግን ጭቃ አይለየውምና «ጭቃ ጫሪ» የሚል ስም ወጣለት፤ አብሮት ገበታ የሚቀርብም ጠፋ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ድግስ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል «አንተ እዚያ፣ ከበሩ ውጭ» ተባለ። ሁሉም ሳቁ። በማግስቱ ጃርቱ አጥሩን ትቶ ሄደ።

ያን ዕለት «ከበሩ ውጭ» ያለችው አህያዋ ነበረች።

ነገሩን ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። «የምሄደው ስለ በደልኩት ነው ወይስ ነፍሴን ላተርፍ?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ሁለቱም እውነት ነበር። «እንግዲያው ሁለቱንም እነግረዋለሁ» አለችና ጎህ ሲቀድ ከአጥሩ ወጥታ፣ የነብሩን ዱካ እየሸሸች ወደ ኮረብታው አቀናች። የቀራት ሃያ ቀን ብቻ ነበር።

ጃርቱ ከቋጥኝ ሥር፣ ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጦ ሥራ ሥር ይቆረጥም ነበር። ሲያያት እሾሁን አቆመ።

«ደግሞ ከየት ልታስወጪኝ መጣሽ? ከዚህ ወዲያ ሌላ ውጭ የለም።»

«አባ ጃርት፣ ያን ቀን በድግሱ ላይ አዋርጄዎታለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ሌላስ?»

«ሌላም አለ። ጉድጓድ መቆፈር ያስተምሩኝ።»

ጃርቱ ሳቀ። «ቀበሮ ዘንድሮ ጭቃ ይፈለጋል አለች እንዴ?»

«ቀበሮማ አላለችም። አንበሳው በገዛ እጁ ሲቆፍር ደረስኩበት። ጌታ በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ፣ ሠራተኛ የጠፋለት ሥራ ነው ብዬ ነው።»

ጃርቱ መቆርጠሙን ተወ። ሰኮናዋን አየ፤ እግሯንም አየ። «ሰኮናሽ ደህና ነው። እግርሽ ግን ያነክሳል።»

«ጉድጓድ ውስጥ ሩጫ የለም፣ አባቴ።»

«አፍሽስ?»

«እሱን እዘጋዋለሁ።»

ትምህርቱ የቀበሮን ትምህርት አይመስልም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አሸዋ ስታሸት ብቻ ዋለች፤ ውኃ ያለበት አሸዋ ሽታው ሌላ ነውና። በአራተኛው ቀን ቆፈረች፤ ተናደባት። በስምንተኛው ቀን እስከ አንገቷ ተቀብራ ጃርቱ ጆሮዋን ነክሶ እየጎተተ አወጣት።

«አሁን ጉድጓድ ለምን እንደሚናድ ገባሽ» አላት። «አጥብበሽ ወደ ታች ከቸኮልሽ ይበላሻል። አፉ ሰፊ ይሁን፤ እንደ ደረጃ እየጠበበ ይውረድ። ድንጋዩን ከሥር ጀምረሽ ካቢ።»

ደግማ ቆፈረች። ሰኮናዋ ተሰነጠቀ፤ ቅጠል አሰረችበትና ቀጠለች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቀዝቃዛ ውኃ አፍንጫዋን ነካው። ግድግዳው አልተናደም።

ሚያዝያ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ከጃርቱ ጋር ወደ ሸለቆው ተመለሰች። ስንት ጊዜ ለምናው ነው አብሯት የመጣው፤ የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ ግን ካልጠሩኝ አልገባም ብሎ ውጭ ቀረ። እሷ ገብታ ጭቃ ሲዝቅ ያገኘችውን አንበሳ «ጌታዬ፣ ከዚህ ይውጡልኝ» አለችውና ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች። ሦስት ቀን ስትቆፍርና ድንጋይ ስትክብ ዋለች። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ውኃው ሞልቶ ጠራ።

አንበሳው ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ጠጣ። ሸለቆው በሙሉ ተሰብስቦ ያያል። «ቦታ አግኝተሻል» አላት ጢሙን እየላሰ። «ከዛሬ ጀምሮ የውኃ ጠባቂ ነሽ፤ አጥር ውስጥ ታድሪያለሽ።»

አህያዋ ስትመኘው የኖረችውን በእጇ አስገብታለች። ግን ወዲያው እሺ አላለችም።

«ጌታዬ፣ ሙያው የኔ አይደለም። ያስተማሩኝ አባ ጃርት ከበሩ ውጭ ቆመዋል። እሳቸው ካልገቡ እኔም እዚህ አላድርም።»

«ያ ጭቃ ጫሪ?» አለ ጅቡ።

አንበሳው ተቸገረ። «ሕዝቡ አይወደውም። አብረን አንበላም ብሎ ያስወጣው እኮ ሕዝቡ ነው።»

«ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሌላው ሳቀ እንጂ አልተናገረም። ደግሞስ ጌታዬ፣ ጭቃውን አይወዱትም እንጂ ውኃውን ይጠጡታል።»

«ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ነብሩ ከውጭ እየጠበቀ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ እያነከሰች መሄድ ጀመረች። አልፈጠነችም፤ ወደ ኋላም አላየችም። ከበሩ ልትወጣ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት የአንበሳው ድምፅ ከኋላዋ መጣ።

«ክፈቱለት። ይግባ።»

ጃርቱ ገባ። ቀበሮ ቀድማ ደረሰችና እጅ ነሣችው። «እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር። አንድ ላይ ብናስተምር ምን ይመስልዎታል?»

ጃርቱ እንዳልሰማ አልፏት ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን ዙሪያውን መረመረ። «በምሥራቅ በኩል ሁለት ድንጋይ ላልቷል» አለ።

አህያዋ አፏን ዘግታ ወደ ጉድጓዱ ወረደች።

ከዚህ የምንማረው፣ የትኛው ሙያ እንደሚፈለግ የሚነግረን የአደባባይ ወሬ ሳይሆን በየደጃችን የጎደለው ነገር መሆኑን፣ የናቅነውንም ባለሙያ ይቅርታ ሳንጠይቅ ሙያውን ብቻ ልንወስድበት እንደማይገባን ነው።