የሰሌን ሠሪዎቹ ሊቀመንበር

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ጥላው ሰፊ በሆነ ሾላ ሥር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡ እንስሳት ነበሩ። የዘንባባ ቅጠል ይዘው ይመጡና ሰሌን እየጎነጎኑ ያወራሉ። የመጣ ይመጣል፤ የቀረም «የት ጠፋህ?» አይባልም። ኤሊ አንድ ሰሌን ለመጨረስ ክረምትና በጋ ይፈራረቅባታል። ጦጣ ደግሞ የጎነጎነችውን እየፈታች እንደ አዲስ ትጀምራለች። ማንም ምንም አይላቸውም።

ቅዳሜን ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቀው አህያ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ «ሂድ»፣ «ቁም» ሲባል ይሰነብታል። እዚህ ግን የሚያዘው የለም። በጥርሱና በሰኮናው የሚጎነጉናት ሰሌን አንድ ጎኗ ሰፊ፣ አንድ ጎኗ ጠባብ ነበረች።

«ይህቺ ሰሌን ወዴት ነው የምትሄደው?» ትለዋለች ጦጣ።

«እኔም እየተከተልኳት ነው» ይላል አህያ።

ይሳሳቁና ቅጠል ይቀባበላሉ።

አንድ ቅዳሜ እመት ቀበሮ መጣች። ቅጠል አልያዘችም። ጉቶ ላይ ወጥታ ዙሪያውን ቃኘች።

«ለመሆኑ ሊቀመንበራችሁ ማን ነው?»

«የለንም» አለች ኤሊ።

«ደንብስ?»

«የለንም።»

«በሥራው አንደኛ የሚወጣውስ?»

እንስሳቱ ተያዩ። እስከዚያች ቀን ድረስ አንደኛ እንደሌላቸው ልብ ብለው አያውቁም፤ አሁን ግን አፈሩ።

«አይዟችሁ፣ እኔ አለሁላችሁ» አለች ቀበሮ። ከጉቶው ሳትወርድ ሊቀመንበር ሆነች።

በሳምንቱ አንበሳን ዳኛ፣ አያ ጅቦን ተቆጣጣሪ አድርጋ አመጣች። አንበሳ ጠግቦ ነበርና የክብር ቦታ መኖሩን እንጂ የሚዳኘውን ነገር አልጠየቀም። ጅብ ግን ጠየቀ።

«የሚበላ አለው?»

«አለው እንጂ» አለች ቀበሮ። ወደ እንስሳቱም ዞራ ደንቧን አነበበች። «ከሦስት ሳምንት በኋላ የማኅበሩ አባል ሁሉ ሰሌኑን ያቀርባል። መጨረሻ የወጣው ለተቆጣጣሪው ይሰጣል።»

«እኔ ድሮም ስብሰባ እወዳለሁ» አለ ጅብ። የአህያን ጠማማ ሰሌን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ አህያው ጭን አሻገረ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ቀረ። ቀበሮ ስለ ትጋት ስትናገር ትውላለች፤ እንስሳቱ አንገታቸውን ደፍተው ይጎነጉናሉ። ኤሊ «እግሬን አመመኝ» ብላ ቀረች። ጦጣ ምክንያትም ሳትሰጥ ዛፍ ለዛፍ ሄደች። አህያም መቅረት አማረው። ነገር ግን «ቅዳሜንም ከተውኳት ምን ቀረኝ?» እያለ መጣ።

በውድድሩ ቀን ሰሌኑን በጀርባው አድርጎ ደረሰ። ከሦስቱ ሹማምንት በቀር ማንም አልነበረም።

«የቀረበው አንድ ሰሌን ብቻ ነው» አለች ቀበሮ። «እንግዲህ መጨረሻ የወጣው አህያ ነው።»

ጅብ ከንፈሩን እየላሰ ተነሣ። አህያ ለመሮጥ አሰበ፤ የጅብን እግር ግን ያውቃል። ስለዚህ ወደ አንበሳ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ደንቡ የማኅበሩ አባል ሁሉ ሰሌኑን ያቀርባል ይላል። እመት ቀበሮ ደግሞ የአባሎቹ ሁሉ የበላይ ናት። የእሷም ሰሌን ይታይልኝ።»

ሲያዛጋ የቆየው አንበሳ የሚዳኘው ነገር በማግኘቱ ደስ አለው። «እውነቱን ነው። አምጪው» አላት።

«እኔ እኮ ሊቀመንበር ነኝ» አለች ቀበሮ። «የእኔ ሥራ ማስተባበር ነው።»

«ጠማማም ብትሆን ሰሌን ይተኙባታል። በማስተባበር ላይ ግን ጎን አያርፍም» አለ አንበሳ። «መጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ።»

ጅብ ቀበሮንና አህያን አስተያየ። «ይቺ እኮ ከሲታ ናት» ብሎ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል ብሎ ተወረወረባት። ቀበሮ እሾህ ውስጥ ዘላ ስትገባ የጭራዋ እኩሌታ በጅብ አፍ ቀረ። አንበሳም በፍርዱ ረክቶ በአህያ ሰሌን ላይ ጋደም አለና አንቀላፋ።

አህያ ሰሌኑን ትቶለት ሹልክ አለ። ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ ከመታጠፊያው ጀርባ ኤሊና ጦጣ ቁጭ ብለው ይጎነጉናሉ። ጦጣ ቦታ ለቀቀችለት።

«ማን አሸነፈ?» አለች ኤሊ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

«እንጃ፣ ሳልሰማ መጣሁ» አለና አንድ ቅጠል በጥርሱ ሳበ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጨዋታ በተሰበሰቡ መሐል ሥራ ሳይዝ አለቃ ልሁን ብሎ የሚገባ ሰው ጨዋታውን አጥፍቶ በገዛ ደንቡ እንደሚጠለፍ ነው።